ደለሉን መሸኘት፦ ከዝናብ በፊት የሰፈር ቦይ እንዴት ይጠረጋል (ከድሬዳዋ)

የመጀመሪያው ዓመት ስሕተታችንን አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላው ሁሉ ከሱ የመጣ ነው። ሰኔ ውስጥ ሠላሳ ያህል የሰፈር ሰው ወጥተን ቦያችንን ከላይ እስከ ታች ጠረግነው። ያወጣነውን ጥቁር ደለል ጠርዙ ላይ ከመርነው፣ ‹ሰኞ መኪና መጥቶ ያነሣዋል› ተባባልን፣ ፎቶ ተነሣንና ተበታተንን። ሰኞ መኪና አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ሐሙስ ሌሊት ዘነበ። ዓርብ ጥዋት ስንወጣ ቦዩ እንደ ድሮው ሞልቷል። አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ ‹ልጆቼ፣ ማውጣቱንስ አወጣችሁት፤ መሸኘቱን ማን ያስተምራችሁ?› አሉን።

የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ በደብተር ይዣለሁ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

አስቀድሞ ግን ቦይ መጥረግ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል እንተማመን። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ከደንገጎ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። የከዚራን ሰፈር ከመጋላ ሰፈር የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ፍየል ይውልበታል። ላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን እዚህ ሰማዩ ኮከብ እያሳየ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነው ይኸው ነው፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። ያን ዓይነት ጎርፍ የሰፈር ቦይ አይመልሰውም። ለሱ የደቻቱ ዳር ግንብ፣ ላይ ደጋው ላይ የሚሠራ እርከንና ደን፣ የማስጠንቀቂያ ስልክ ያስፈልጋል። የሰፈር ቦይ የሚያድነው በየዓመቱ መንገዱ ላይ የሚወርደው ዝናብ በር ገፍቶ ቤት እንዳይገባ፣ ፍራሽ እንዳያረጥብ፣ ዱቄት እንዳያበላሽ ነው። ይህም ቀላል አይደለም።

ውሃውን ተከትሎ መሄድ

ከጠረጋው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ቦዩን ከሚጀምርበት እስከሚያበቃበት በእግር ሂዱ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ደጃፋችን ላይ ያለውን አሥር ሜትር ብቻ ነው። ደብተር ያዙና የተሰበረ ክዳን፣ ቦዩ ላይ የተሠራ የሱቅ ደረጃ፣ ከግቢ በቱቦ የተለቀቀ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ ቦዩን አቋርጦ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ጻፉ። ቧንቧውን በተለይ አትለፉት። ፌስታል መጀመሪያ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው፤ ፌስታሉ ገረባውን (የጫቱን ቅሪት) ይይዛል፣ ገረባው ሃይላንዱን ያቆማል፣ ደለሉ ከኋላቸው ይተኛል። እኛ ሰፈር አንድ ተሻጋሪ ቧንቧ ብቻውን አርባ ሜትር ቦይ ይደፍን ነበር።

ቦዩ በትክክል ማዘንበል አለማዘንበሉን ዓይን አይለየውም። ግንበኛ ጎረቤት ካላችሁ የውሃ ልክ ቱቦውን ይዞ ይምጣ። በአሥር ሜትር አሥር ሴንቲ ያህል ዝቅ የሚል ከሆነ ደህና ይወርዳል። ጭራሽ የማያዘነብል ከሆነ፣ ወይም መሐል ላይ ወደ ላይ ከመለሰ፣ ችግሩ የግንባታ ነው፤ ብትጠርጉትም በወሩ ይሞላል። እሱን ለብቻው ጽፋችሁ ለከተማው አስተዳደር አስገቡ እንጂ ጎረቤትን በአካፋ አታድክሙበት።

በመጨረሻ አፉ የት እንደሆነ እዩ። ደቻቱ ነው? ሌላ ቦይ ነው? ወይስ አንድ ግቢ አጥር ሥር ገብቶ ይጠፋል? የመጨረሻው ከሆነ ከግቢው ባለቤት ጋር ሳትነጋገሩ ምንም አትጀምሩ።

የላዩና የታቹ ሰፈር

ከላይ ያሉት ካልጠረጉ ፌስታላቸው ወደናንተ ይመጣል፤ ከታች ያሉት ካልጠረጉ ውሃችሁ ወደናንተ ይመለሳል። ስለዚህ ለመነጋገር ቢያንስ የሦስት ሰፈር ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ከተማ አንድ መንገድ ላይ እድር አለ፣ አፎሻ (እንደ እድር ያለ መረዳጃ) አለ፣ የመስጊድ ጀመዓ አለ፣ የሰንበቴ ማኅበር አለ። የአንዱ መዝገብ የሌላውን አባል አያገኝም። እኛ በእድር ብቻ ጠርተን የመንገዱ ግማሽ ሳይሰማ የቀረበት ጊዜ ነበር፤ ያልተጠራው ግማሽ ደግሞ በር ዘግቶ ሳይሆን ተቀይሞ ነው የቀረው። አሁን ከየማኅበሩ አንድ አንድ ሰው ይወጣና አምስት የሚሆን አስተባባሪ ይቋቋማል። ጥሪው በማይክ ባጃጅ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይነገራል። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሰፈሩን ይጨርሳል።

ለቀበሌ ደብዳቤ ስትጽፉ ‹ትብብራችሁን እንጠይቃለን› ብላችሁ አታብቁ። ትብብር የሚባለው ነገር ንግግር ሆኖ ይመጣል። የምትጠይቁት መኪና ነው፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ደለል አንሥቶ የተፈቀደ መድፊያ ቦታ የሚወስድ። መልሱን በጽሑፍ፣ ከሾፌሩ ስልክ ጋር ያዙ። ‹እናያለን› ከተባለ የለም ማለት ነው ብላችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።

ሒሳቡ

የሰፈር ዘመቻ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ደለሉ ምን ያህል እንደሆነ ቀድሞ ማንም ስለማያውቅ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቦታ ቦታውን ፌሮ ወይም ዱላ እስከ ወለሉ ስደዱና የደለሉን ውፍረት ለኩ፤ አማካዩን ያዙ። የኛ ቦይ 60 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሴንቲ ስፋት አለው፤ ደለሉ በአማካይ 20 ሴንቲ ነበር። 60 ሲባዛ በ0.5 ሲባዛ በ0.2፣ 6 ሜትር ኩብ ይሆናል። እርጥብ ደለል ከባድ ነው፤ ሜትር ኩቡ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ስድስቱ ወደ 10 ቶን ይጠጋል፦ አይሱዙ ሁለት ምልልስ፣ በአህያ ጋሪ ከሆነ ከሃያ በላይ።

ሰዉንም በዚሁ ቁጠሩት። አንድ ጎበዝ ሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሜትር ኩብ ያነሰ ነው የሚያወጣው። ለስድስት ሜትር ኩብ ስምንት አካፋ ያዥ፣ የነሱን እጥፍ ተሸካሚ ያዙ። ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ› የሚለው ተረት ለሎሚ ነው የተተረተው፤ ደለል ለሃምሳ ሰውም ሸክም ነው። ሰው ካነሰ ቦዩን ሁለት ቦታ ከፍላችሁ በሁለት ሳምንት ሥሩት። ግማሹን ጀምሮ ጥሎ ከመሄድ ሠላሳ ሜትር ጨርሶ መሸኘት ይበልጣል።

ቀንና ሰዓት

እዚህ በዓመት ሁለት ዝናብ አለን፤ የበልጉ ከመጋቢት፣ የክረምቱ ከሐምሌ ጀምሮ ይበረታል። የካቲት መጨረሻና ሰኔ አጋማሽ ይጠረጋል። ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ ስላለ እኛ ቅዳሜ ላይ ተስማምተናል። ረመዳን አሁን አሁን ከበልጉ ዝግጅት ጋር እየገጠመ ነው፤ በሱ ወር ጿሚን አካፋ አታስይዙ፣ ጠረጋውን ከጾሙ በፊት ጨርሱት።

ሥራው ጥዋት 12 ሰዓት ይጀምርና 3 ሰዓት ላይ መሬት መቆፈር ያቆማል። የድሬዳዋን ፀሐይ ለሚያውቅ ምክንያቱን መንገር አያስፈልግም። ከቀትር በኋላ ደግሞ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ‹እመለሳለሁ› ብሎ የሄደ ጎረምሳ እንደማይመለስ አውቃችሁ ዕቅድ አውጡ። ፈጢራና ሻሂ ከሥራው በኋላ ይሁን። በፊት ካቀረባችሁ ሻሂው ይረዝማል።

ዕቃ

አካፋ፣ ዶማ፣ ክዳን ማንሻ ዲጂኖ፣ ባሬላ፣ ሬንጅ በርሜል በግማሹ ተቆርጦ ገመድ የገባለት፣ ማዳበሪያ (ጆንያውን ማለቴ ነው)። ወፍራም ጓንትና ጫማ ለሁሉም ቆፋሪ የግድ ነው፤ ሰንደል ጫማ ያደረገ ሰው ቦይ ውስጥ አይገባም። ምላጭ፣ የመርፌ ጫፍ፣ የጠርሙስ ስባሪ ያለበት ጭቃ ነው። ድንጋይና ክዳን ሥር ጊንጥ ይኖራል፤ እጅ ከመግባቱ በፊት ዲጂኖ ይግባ።

የኮንክሪት ክዳን ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ሜትር በስልሳ ሴንቲ የሆነ፣ አሥር ሴንቲ ውፍረት ያለው ክዳን 140 ኪሎ አካባቢ ነው። አራት ሰው፣ ሁለት ዲጂኖ፣ አንድ አዛዥ። አዛዡ ‹ሦስት› ሲል ሁሉም ያነሣል፣ ‹አውርድ› ሳይል ማንም እጁን አይለቅም። አንድ ጊዜ ሁለት አዛዥ ሆነን አንድ ልጅ ጣቱ ሊቆረጥ ነበር። ክዳኑ ከተነሣ በኋላም ወዲያው አትግቡ። የተዘጋ ቦይ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይጥላል፤ ራቅ ራቅ ብለው ያሉ ክዳኖችን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተንፍስ። ሰው ጎንበስ ብሎ በሙሉ ሰውነቱ የሚገባበት ረጅም የተዘጋ ቦይ ከሆነ ፈጽሞ የጎረቤት ሥራ አይደለም፤ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ተዉት።

ጠረጋው

ከታች ጀምሩ። ሁልጊዜ ከአፉ። ከላይ ከጀመራችሁ የለቀቃችሁት ውሃ ያልተጠረገው ላይ ሄዶ ይጠራቀምና ታች ያለው ቆፋሪ ጉልበቱ ድረስ ይቆማል። መጀመሪያ ፌስታልና ሃይላንድ በእጅ ይለቀም፣ ለብቻው በማዳበሪያ ይገባ፤ ከደለል ጋር ከተደባለቀ በኋላ ማንም አይለየውም። ሃይላንዱን ቆራሌው ይወስደዋል። ፌስታሉን የሚወስድ የለም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ቦያችን ውስጥ ያለው ግን አዋጁን ገና አልሰማም።

ቆሻሻው ከተለቀመ በኋላ ደለሉ በአካፋ ይውጣ። ወለሉ እስኪታይ፣ አካፋው ሲሚንቶ ነክቶ እስኪጮህ ድረስ።

መሸኘቱ

እነሆ ዋናው። ሕጉ አንድ ነው፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ የቦዩ ጠርዝ ባዶ መሆን አለበት። መኪናው ሥራው ከተጀመረ አንድ ሰዓት በኋላ ይድረስና ከባሬላ በቀጥታ ይጫን። መሬት ላይ አውርዶ እንደገና በአካፋ ማንሣት ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ ከሆነ የአህያ ጋሪዎችን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በምልልስ እንጂ በቀን አትዋዋሉ።

የሚሄድበት ቦታ ደግሞ ደቻቱ አይደለም። ይህን የምለው ብዙ ሰፈር ስለሚያደርገው ነው፤ ቅርብ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። አሸዋው ላይ የተደፋ ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ያደርገዋል፤ ግንቡ ሳያጥር ግንቡን ያሳጥረዋል። ከኛ ቦይ ወጥቶ ታች ያለው ሰው ቤት የሚገባ ከሆነ ጠረግን ማለት አይቻልም። ከተማው የፈቀደው መድፊያ ይሁን። ጥቂቱን ለማዋል ካሰባችሁ፣ ደርቆ በሽቦ ወንፊት ከተነፋ በኋላ ለመንገድ ጉድጓድ መሙያ ይሆናል። ለአትክልት አይሆንም፤ ባትሪ፣ የሞተር ዘይት፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ ያየ አፈር ነው።

ለመኪናው የእድሩን ካዝና አትመኑ። እኛ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ አዋጥተን ‹የመሸኛ› ብለን ለብቻው አስቀምጠናል። የቀበሌው መኪና ከመጣ ለሚቀጥለው ይተርፋል፤ ካልመጣ 3 ሰዓት ላይ ስልክ አንሥቶ አይሱዙ መጥራት ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ የሠራልን ይኸው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ እንደ መጀመሪያው ዓመት ነበር።

ፍርግርግ

ቦዩ ወደ ተዘጋው ክፍል የሚገባበት ቦታ ላይ ብረት በያጅ ፍርግርግ ይሥራላችሁ፤ የ12 ሚሊ ፌሮ፣ በመሐሉ አራት አምስት ሴንቲ ክፍተት፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ውሃው መውረጃ ጋደል ብሎ። ጋደል ሲል ቆሻሻው በውሃው ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታቹ ውሃው ያልፋል። ማጠፊያ ይኑረው፣ ቁልፍም። ብረት ነው፣ ይሰረቃል።

ፍርግርግ የሚያጸዳው ሰው ከሌለው ባይኖር ይሻላል። ዝናብ ላይ ሲደፈን ራሱ ግድብ ይሆናል። ቅርብ ያለው ባለሱቅ ወይም ቤት ኃላፊነቱን ይውሰድ፣ ረጅም መቧጠጫ ይሰጠው፣ ስልኩ በሁሉም ዘንድ ይኑር።

ገረባ

ቦያችን ውስጥ ካለው ቆሻሻ ትልቁ ገረባ ነው። ጫት ሻጮቹን መቆጣት አያዋጣም፤ እኛ ሞክረን አንዷ፣ ‹አቦ፣ እኔ ሸጥኩ እንጂ ቃምኩ እንዴ?› ብላ ዘጋችን። ልክ ነበረች። አሁን በየመደቡ ባዶ ማዳበሪያ ተሰቅሏል፣ ማታ ማታ አንድ ወጣት ይሰበስበዋል። ፌስታል ያልገባበት ከሆነ ለፍየል ይሄዳል። ፌስታል ካለበት ግን ፍየል ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀርና ይገድላታል፤ ስለዚህ መለቀሙ ለባለፍየሉም ነው።

የተረፈውን ብስባሽ አድርጉት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ክምር፦ ገረባና ደረቅ ቅጠል ሁለት እጅ፣ ከቀፊራ ገበያ የሚመጣ የአትክልት ትርፍራፊና የፍየል በጠጥ አንድ እጅ። ወፍራሙ እንጨት በገጀራ ይቆራረጥ። እርጥበቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይሁን፤ በዚህ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ጥላ ሥር አድርጉና በማዳበሪያ ሸፍኑት። በየሁለት ሳምንቱ ይገለበጥ። ዱላ መሐሉ ሰክታችሁ ስታወጡ የሚፋጅ ከሆነ እየሠራ ነው። ወደ ሦስት ወር ገደማ አፈር አፈር ይሸታል። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ እኛ ለሰላጣ አንጠቀምበትም፤ ለዛፍ ነው።

ስለ ዛፍ አንድ ነገር። ቀይ አበባ ያለውን ዛፍ አገሩ ሁሉ የድሬዳዋ ዛፍ ይለዋል፣ እኛም እንኮራበታለን። ሥሩ ግን መሬት ላይ የሚጋደም ኃይለኛ ነው፤ ቦይ አጠገብ ከተተከለ ግንቡን ይሰነጥቃል። ከቦዩ ቢያንስ አራት አምስት ሜትር ይራቅ። ጠርዙን ለመያዝ ቬቲቨር ሣር ይበቃል።

በርሜልና ሮቶ

ቦይ ስለጠረግን ትንኝ ጠፋች ማለት አይደለም። የቆሸሸ የቆመ ውሃ ላይ የምትራባው ሌሊት ጆሮ ላይ የምትዘፍነው ናት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማውን በሙሉ መገጣጠሚያውን ይዞ ያስቀመጠው ቺኩንጉንያ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ሲይዝ፣ አስተላላፊዋ ቀን የምትነክሰው፣ ንጹሕ ውሃ የምትወደው ትንኝ ነበረች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው አዲሷ የወባ ትንኝም እንደዚሁ የበርሜል፣ የሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ጎረቤት ናት። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውሃ አታጠራቅሙ ማለት አይቻልም። የሚቻለው መክደን ነው፤ ክዳን ከሌለው በነጠላ ማሰር፣ በሳምንት አንዴ ውስጡን በብሩሽ ፈትጎ ማጠብ። የቀኗ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። ሰዉ ለጠረጋ በወጣበት ቅዳሜ፣ አካፋ የማይዙ ልጆችና እናቶች ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ለቤት ይሂዱና በርሜል ይዩ። አሮጌ ጎማ ካገኙ ይብሱት።

ሲዘንብ

ደንገጎ ወይም ከዚያ በላይ ዘመድ ያለው ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። ስልኩ አስተባባሪዎቹ ጋር ይኑር፤ ላይ ጠቁሮ ሲዘንብ አንድ ጥሪ ይበቃል። በዚያ ሌሊት ደቻቱ ዳር ያለ ሰው ልጁን ይዞ ከፍ ወዳለ ቦታ ይሂድ፣ ወንዙን ማንም አይሻገር፤ የቦይ ጉዳይ ለነገ ይቆያል።

በሌላው ዝናብ ግን ባለፍርግርጉ መቧጠጫውን ይዞ ይውጣ፣ አንድ ሰው ባትሪ ያብራለት። ዝናቡ ባቆመ ማግስት ቦዩን እንደገና በእግር ሂዱ። እኛ ግድግዳው ላይ ከወለሉ አሥር ሴንቲ ከፍ አድርገን በቀይ ቀለም መስመር አስምረናል። ደለሉ መስመሩን ከሸፈነ፣ ነሐሴ መሐልም ቢሆን፣ ባጃጁ ማይኩን ይዞ ይወጣል፤ አይሱዙውም ቀድሞ ይደወልለታል።